ሞተሩ አይነሳም

ጓጉንቸሬን ቆርጠውታል።

ሰኞ ጠዋት ቱታዬን በቅጡ ሳልለብስ ወደ ኤሌክትሪክ ክፍሉ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ቀይ ጓጉንቸሬ አንገቱ በብረት መቁረጫ ተቀንጥሶ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። አቀማመጡ ደግሞ የክብር ነው፤ ከሥሩ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፈውለታል። አጠገቡ ዓርብ ዕለት አንጠልጥዬው የሄድኩት ካርድ አለ። «የማደባለቂያው ሞተር እኔ ሳልመለስ አይነሳም» ይላል፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ። መክፈቻው ኪሴ ውስጥ ነው። ሌላ መክፈቻ የለውም። ያለው አንዱ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ከእኔ ጋር የሆስፒታል ወንበር ላይ ሲቀመጥ ነው የከረመው።

ከግድግዳው ማዶ ሞተሩ ይሰማኛል። እየሠራ ነው።

እኔ የዚህ ቀለም ፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ሠራተኛው «ፊውዝ» ይለኛል፤ ቶሎ ትቃጠላለች ለማለት ነው። ስሙን ጠልቼው አላውቅም። ፊውዝ የሚቃጠለው ሌላው እንዳይቃጠል ነው፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ግን በዚህ ግቢ ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው። ማደባለቂያ አዳራሹ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ቲነር ይፈስሳል፣ ትነቱ አየሩን ይሞላዋል። ትነቱ አይታይም፣ ይሸታል ብቻ፤ ሰው ደግሞ ሽታን ቶሎ ይለምዳል። እዚያ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰዎች ይሠራሉ። አንድ ብልጭታ ለአሥራ ሁለቱም ይበቃል።

የማቆሚያውን ቀይ በተን ተጫንኩ። ሞተሩ እያጉረመረመ ቆመ። ዋናውን ማቋረጫ ሳብኩና ሁለተኛውን ጓጉንቸሬን ከመሣሪያ ሳጥኔ አውጥቼ ቆለፍኩት። ከዚያ ጭነት ሲበዛበት ሞተሩን የሚያቋርጠውን ሪሌ አየሁ። ዓርብ ዕለት አሥራ አንድ አምፒር ላይ ነበር የተውኩት፤ የሞተሩ ሰሌዳ የሚለው እሱን ነው። አሁን እስከ መጨረሻው ተጠምዝዟል። ቀለሙ ሲወፍር ሞተሩ እየጠፋ ስላስቸገራቸው መሆን አለበት። ሞተሩ «ሞቀኝ፣ አሳርፉኝ» ሲል፣ እነሱ አፉን ያዙት።

አዳራሹ ስደርስ ማደባለቂያውን የምታሠራው ትልቅ ሴት፣ ሁላችንም እታለም የምንላት፣ እጇን በቱታዋ እየጠረገች መጣች።

«መጣሽ ልጄ? አባትሽስ፣ ዓይናቸው እንዴት ሆነላቸው?»

«ቀዶ ጥገናው ደህና ነው፣ ፋሻው ትናንት ተነሳለት። እታለም፣ ይሄን ሞተር ማን ነው ያስነሳው?»

ዓይኗን ከዓይኔ ላይ አነሳች።

«ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ይሠራል ተባልን፣ ሠራን። እኔ አንቺ የፈቀድሽ መስሎኝ ነው እኮ።»

ይኸው። እኔ የፈቀድኩ መስሏት ሁለት ቀን ሙሉ ሥሩ ቆማ ውላለች። ሦስት ልጆች ያላት ሴት ናት።

ሞተሩን አየሁት። ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ያበራል፣ ለሠርግ የተዘጋጀ መኪና መስሏል። የኬብሉ ሽቦዎች የሚታሰሩበት ሳጥን ሽፋን ላይ ዓይኔ ሲያርፍ ደሜ ወደ ጭንቅላቴ ወጣ። በሽፋኑና በሳጥኑ መካከል ጥቁር ላስቲክ ገብቷል። ዙሪያውን እንከን በሌለው መስመር የተቆረጠ፣ በአራቱም ብሎኖች ቦታ ክብ ቀዳዳ የተበጀለት ላስቲክ። በዚህ ፋብሪካ እንዲህ ያለ ላስቲክ ያለው ላብራቶሪው ብቻ ነው። እንዲህ አድርጎ የሚቆርጥ እጅም አንድ ብቻ አውቃለሁ። ግን ልቤ አልቀበል አለ። ሥራው የአባባ ነው አልኩ፤ የአባባ መሆን አለበት።

አባባ የምንላቸው የፋብሪካውን ባለቤት ነው። ያ የማውቀው እጅ ደግሞ የልጃቸው ነው፣ የላብራቶሪው ኬሚስት። የናሙና ጠርሙስ ከእጁ ስለማይለይ ሠራተኛው «ናሙና» ይለዋል።

እኔና ናሙና የተዋደድነው በብልሽት መዝገብ ላይ ነው። መዝገቡ ኤሌክትሪክ ክፍሉ በር ላይ በገመድ ታስሮ የተንጠለጠለ ደብተር ነው፤ የተበላሸ ነገር ያገኘ ሰው ሁሉ ይጽፍበታል። አምና አንድ ቀን «የላብራቶሪው መብራት ኤሌክትሪሺያኗ ስትመጣ ብቻ በደንብ ይበራል፤ ቢታይ» የሚል ተጽፎ አገኘሁ። እኔም «ታይቷል። ጥፋቱ የመብራቱ አይደለም፣ የተመልካቹ ነው» ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመት ሞላን። ሰው ሲያነበው ብልሽት ነው፣ ለእኛ ደብዳቤ ነበር። ባለፈው ሳምንት ለአባቱ ነገራቸው። አባባም ቢሮ ሙሉ ሰው በተቀመጠበት «የሞተር ጠምጣሚ ልጅ ነው ወይ የምታመጣልኝ?» አሉት። አባቴ ሞተር ጠምጣሚ ነው፣ አዎ። ዓይኑ የደከመው ለአርባ ዓመት ከክር የቀጠነ ሽቦ ሲጠመጥም ነው። የአባባን ፋብሪካ ሞተሮችም ሦስት ጊዜ ከሞት ያስነሳቸው እሱ ነው።

ወደ ኤሌክትሪክ ክፍሉ ተመልሼ መዝገቡን ገለጥኩት። መሀሉ ላይ የታጠፈ ወረቀት ነበር።

«ፊውዜ፣

ዓርብ ሳትሰናበቺኝ ሄድሽ። አልፈረድኩብሽም። አባዬ ስለ አባትሽ የተናገረው ነገር እኔንም እህል ከልክሎኛል። ሞተሩን የቆለፍሽው በዚያ ንዴት መሆኑ ገብቶኛል፤ በአንቺ ቦታ ብሆን እኔ በሩን ሁሉ እቆልፍ ነበር። ግን ማክሰኞ የሚጫን ቀለም አለ፣ አባዬም በአንቺ ላይ መዛት ጀምሯል። ሞተሩ ከቆመ የእኛም ነገር ይቆማል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ጓጉንቸርሽን እኔው ቆረጥኩት። ሌላ ሰው እንዳይቆርጠው ብዬ ነው፤ ሌላ ሰው አይሳሳለትም። ሽፋኑ ላይ ጭረት አይቼ፣ ትነት እንዳይገባበት ላስቲክ ቆርጬ በሙጫ አሽጌልሻለሁ። የቀባሁትም እኔ ነኝ፣ ስትመለሺ አዲስ ሆኖ እንድታገኚው። ኩርፊያሽ ሲበርድ ትስቂበታለሽ።

የአንቺው ናሙና»

ኩርፊያሽ ሲበርድ። ይቺን ሐረግ ሦስት ጊዜ አነበብኳት። አባባ የተናገሩት ስድብ ከዚህች ሐረግ ጋር ሲተያይ ምርቃት ሆኖ ታየኝ። ከጠላት የመጣ ነገር ያማል፤ ይሄኛው ግን መተንፈሻ አሳጣኝ።

ወደ ላብራቶሪው ስሄድ መንገድ ላይ ተገናኘን። ጠርሙሱን ይዞ፣ ነጭ ጋውኑን ለብሶ፣ ከሩቅ ሲያየኝ ፊቱ በራ። ያ ፊት ሲበራ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ዛሬም ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ እሱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

«አየሽው?» አለኝ።

«አየሁት።»

«ቀለሙን ወደድሽው?»

«ሞተሩን አቁሜዋለሁ። ቆልፌዋለሁም። ይሄኛውንም ትቆርጠዋለህ?»

ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

«አሁንም እንደተቀየምሽ ነሽ? አባዬን እኮ አናግሬዋለሁ፣ እየለዘበ ነው...»

«ዓርብ ሽፋኑን ስከፍት ማን እንደሆነ የማላውቀው ሰው በመፍቻ ጓጉጦ ከሳጥኑ ጋር የሚገጥመውን ፊቱን ጭሮት አገኘሁት» አልኩት። «አዲስ ሽፋን አዘዝኩ፣ ነገ ይመጣል። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ደውለው የአባቴ ተራ ደርሷል አሉኝ። ቆልፌ ሮጥኩ። ምክንያቱን አልጻፍኩም፣ እሱ የእኔ ጥፋት ነው። ግን የሰው ጓጉንቸር ምክንያት አይጠየቅም። ተቆልፏል ማለት አትንካ ማለት ነው።»

«እሺ፣ ተጭሯል። እኔም አይቼ ትነቱ እንዳይገባ አሸግኩት።»

«ትነቱ ይገባል። ምንም ብታደርግ ይገባል፤ ሞተር ሲሞቅ ይተነፍሳል፣ ሲበርድ መልሶ ይስባል። ይሄ ሞተር እንዲህ ወፍራም ሆኖ የተሠራው ትነቱ ውስጡ ገብቶ ቢፈነዳ እንኳ እሳቱን እንዲያስቀር ነው። ሽፋኑና ሳጥኑ ብረት ለብረት ነው የሚገጥሙት። በመሀላቸው ከፀጉር የቀጠነች ክፍተት አለች። ነበልባሉ በእሷ ሾልኮ ሲወጣ ብረቱ እየነካው ይቀዘቅዛል፣ ውጭ ሲደርስ ምንም አያቀጣጥልም። አንተ እዚያ መሀል ላስቲክ አስገባህ። ፍንዳታው ላስቲኩን ተፍቶ ያወጣዋል፣ ነበልባሉ ትኩስ እንደሆነ ተከትሎት ይወጣል። እታለም ደግሞ አንድ ክንድ እልፍ ብላ ነው የምትቆመው።»

ኬሚስት ነው፤ ቲነር ምን እንደሚያደርግ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። ሁለቴ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ፊቱ ከጋውኑ ጋር አንድ ሆነ።

«ከቅዳሜ ጀምሮ ነው የሠራው» አለ ቀስ ብሎ። «ትናንት እሑድንም ሠርተዋል። እኔም ገብቼ ናሙና ወስጃለሁ።»

«አንተም አሥራ ሦስተኛው ነበርክ።»

«አላወቅኩም ነበር፣ በእናቴ እምልልሻለሁ...»

«ላስቲኩን ይቅር ልልህ እችላለሁ። ላስቲኩን ስላላወቅክ ነው ያስገባኸው። እኔ 'አይነሳም' ብዬ ስጽፍ፣ አንተ 'ተቀይማለች' ብለህ አነበብከው። ወንድ ኤሌክትሪሺያን ቢቆልፈው አንድ ነገር አይቷል ትል ነበር። የቆለፍኩት እኔ ስሆን አኩርፋ ነው አልክ። አባትህ አባቴን ሰደቡት፣ አንተ ደግሞ ሥራዬን ኩርፊያ አልከው። እስቲ የቱ ይብሳል?»

ጠርሙሱን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው፣ መልሶም አዛወረው። አንድ ነገር እንዲል ፈለግሁ፣ ምንም እንዳይልም ፈለግሁ።

አባባ የመጡት በዚህ መሀል ነው። ማደባለቂያው መቆሙን የሰሙት ቢሮአቸው ሆነው ነው፤ ያ ድምፅ ሲቋረጥ እንቅልፍም ላይ ቢሆኑ ይነቃሉ። «ሁለታችሁም ተከተሉኝ» ብለው አዳራሹ በር ድረስ ወሰዱን። ሠራተኛው ሥራ ፈትቶ እዚያው ቆሟል። በእጃቸው የማስነሻ ፈቃድ የሚባለውን ወረቀት ይዘዋል። ሞተር ለጥገና ቆሞ ሲነሳ «ደህና ነው» ብሎ የሚፈርምበት ሰው አለ፤ ወይ ኤሌክትሪሺያኗ ወይ የላብራቶሪው ኃላፊ። ያ ወረቀት ቅዳሜ ዕለት ባዶውን ነበር የቀረው።

«ልጄ» አሉኝ። ከዚያ በፊት ልጄ ብለውኝ አያውቁም። «ባለፈው ሳምንት ክፉ ነገር ተናግሬያለሁ። አባትሽ ባለሙያ ሰው ነው። ይቅርታ።»

አልጠበቅኩትም። አንገቴን ደፋሁ።

«ይሄ ልጅ ሌላ አላገባም ብሎ አስጨንቆኛል። እኔም እየሸመገልኩ ነው። እንግዲህ ወር ሳይሞላ ሽማግሌ እልካለሁ፣ ሠርጉም በእኔ ይሁን።» ብዕራቸውን አወጡ። «አንቺም እዚህች ላይ ፈርመሽ ሞተሩን አስነሺልኝ። ነገ ጭነት አለ። ሽፋኑ ሲመጣ ትቀይሪዋለሽ፣ አንድ ቀን ምን ይሆናል?»

ብዕሩን ተቀበልኩ። አልዋሽም፣ ተቀበልኩት። እጄ ላይ ሲያርፍ አባቴ በዳነው ዓይኑ በሠርጌ ቀን ሲያየኝ ታየኝ። ናሙናን እንደ ሌባ በመዝገብ ጥግ ሳይሆን በአደባባይ እጁን ይዤ ስሄድ ታየኝ። አንድ ቀን ምን ይሆናል? ምናልባት ምንም አይሆንም። ሁለት ቀን ሠርቶ ምንም አልሆነም እኮ። እንዲህ እያሰብኩ ቀና ስል ዓይኔ እታለም ላይ አረፈ። እኔን ነበር የምታየው። የምፈርም ከሆነ ተመልሳ ሞተሩ ሥር ልትቆም ጓንቷን አጥልቃ ትጠብቃለች። እኔ ካልኩ ትገባለች። ያ ጓንት ነው ከሐሳቤ የመለሰኝ።

ወረቀቱ ላይ «ሞተሩ አይነሳም» ብዬ ጻፍኩ። ምክንያቱንም በዚህኛው ጊዜ ዘርዝሬ ጻፍኩት፤ ላስቲኩን፣ ጭረቱን፣ የተጠመዘዘውን ሪሌ። ከሥሩ ፈረምኩና መለስኩላቸው።

«አባባ፣ ይቅርታዎን ተቀብያለሁ» አልኩ። «ሠርጌን ግን በእነዚህ ሰዎች ላይ አልደግስም።»

አባባ ወረቀቱን አነበቡት። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ቀደዱትና ሌላ ባዶ ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እንግዲያው አንተ ፈርም። የላብራቶሪ ኃላፊ ነህ፣ ፊርማህ ይበቃል። ቃሌ ቃል ነው፤ ፈርምና ወር ሳይሞላ ውሰዳት። እሷ አሁን ተቆጥታ ነው፣ በኋላ ታመሰግንሃለች። ካልፈረምክ ግን የዚህችን ልጅ ነገር በቤቴ ሁለተኛ እንዳታነሳ።»

አሁን ሁሉም እሱን ያያል። እኔ ማየት አልቻልኩም። መሬት መሬት እያየሁ የጫማውን አፍንጫ ብቻ ነው የማየው። ቅዳሜ ዕለት ለፍቅር ብሎ ጓጉንቸሬን የቆረጠ ሰው፣ ዛሬ ለዚያው ፍቅር ብሎ ቢፈርምስ? እንደሚፈርም እርግጠኛ ነበርኩ። ያን ጊዜ እንዴት እንደምጠላው፣ እየጠላሁትም እንዴት እንደምኖር እያሰብኩ ጥርሴን ነከስኩ።

«አባዬ» አለ። ድምፁ ጎርነን ብሏል። «ጓጉንቸሯን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ላስቲኩንም ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሠራተኛው ሁሉ ይስማ፤ እኔ ነኝ። የምትሠራውን ታውቃለች ብዬ ማመን ሲገባኝ አኩርፋ ነው አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ እነዚህን ሰዎች እሳት ላይ ያቆምኳቸው እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም።»

«እሱን አልጠየቅኩህም። ትፈርማለህ፣ አትፈርምም?»

ቀና አልኩ። አባቱን አልነበረም የሚያየው፣ እኔን ነው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ሠርጉ ይቅር» አለ።

አንድ ሳምንት ሙሉ ይህን ቃል ስፈራ ነበር የከረምኩት። ሆስፒታል ወንበር ላይ ሆኜ አባቱ ሲያስገድዱት፣ እሱም እሺ ሲል በሕልሜም በውኔም ሰምቼዋለሁ። ተነግሮ ስሰማው ግን ቀለለኝ፤ አልፈረመም።

አባባ ወረቀቱን አጣጥፈው ሄዱ። እታለም ጓንቷን አወለቀች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወደ ግቢው ወጡ፣ አንዳንዱ በአጠገቤ ሲያልፍ ትከሻዬን ነካ ያደርገኛል። እኔና እሱ ብቻ ቀረን።

«ይቅር አልኩህ ማለት አይደለም» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ለደብዳቤህም መልስ አልጽፍልህም።»

«አልጠይቅሽም። ምን ላድርግ ብቻ በይኝ።»

ከመሣሪያ ሳጥኔ የእንጨት መፋቂያ አውጥቼ ሰጠሁት። ብረት ቢሆን የሳጥኑን ፊት ይጭረዋል። አዲሱ ሽፋን ሲመጣ የሳጥኑ ፊት እንደ መስታወት መጽዳት አለበት፤ ሙጫውም ላስቲኩም ተፍቆ። በሩንና መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ አየሩ እስኪጠራ አስጠበቅኩት፣ ከዚያ አስገባሁት። ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ መፋቅ ጀመረ። እኔ ከላዩ ቆሜ «ቀስ፣ እዚያ ጋ ቀርቷል፣ አትጫነው» እላለሁ። አንድም ጊዜ «ለምን?» አላለኝም። እንዳልኩት ያደርጋል፣ ከዚያ ቀና ብሎ ልክ መሆኑን ከዓይኔ ያረጋግጣል።

እወድሻለሁ ብሎኝ ያውቃል፣ ብዙ ጊዜ፣ በብዙ ቆንጆ አባባል። ያን ጊዜ ሁሉ ደስ ይለኝ ነበር እንጂ ማመኔን እንጃ። አሁን ግን አንዲት ቃል ሳይናገር፣ እጁ በሙጫ ጠቁሮ ሳየው አመንኩት፤ እንዲህ ተቆጥቼው ሳለሁ ማመኔ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ።